ከሳንባዋ ነው ከስክሪኑ?

ጥቅምት 6
ዛሬ የሆስፒታላችንን የራጅ ክፍል ሞኒተር ቦርድ ቀየርኩ። ከተጣለ ሞኒተር የፈታሁት ነው። ገጠመ፣ በራ፣ አለቀ። ዶክተሯ «ትንሽ ይርገበገባል መሰለኝ» አሉ። «ዓይንዎ ደክሞ ይሆናል» አልኩና በራሴ ቀልድ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ጥቅምት 20
ታላቅ እህቴ እትዬ ዓይኗን በቀዶ ሕክምና ልትታከም ነው፤ ከዚያ በፊት የደረት ራጅ አዘዙላት። እኛ ሆስፒታል ትነሳ ያልኩት እኔው ነኝ። «ፎቶ አይደል? ፀጉሬን ልሠራ እንዴ?» እያለች ስታስቀኝ ዋለች።

ጥቅምት 21
ዶክተሯ ጠሩኝ። ቀኝ ሳንባዋ ላይ የሳንቲም ያህል ነጭ ጥላ። ከአራት ቀን በኋላ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል።
እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት... እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?
ነገርኳት። «ልጆቼ እንዳይሰሙ» አለች።

ጥቅምት 23
የራጅ ክፍሉን ሞኒተር አቧራ ላራግፍ ገባሁ። ሰው የለም፤ ስክሪኑ ባዶ ግራጫ። ከላይ በግራ በኩል፣ በራጅ ላይ ቀኝ ሳንባ በሚታይበት በኩል፣ ፈዛዛ ክብ ነገር ያየሁ መሰለኝ። ዓይኔ ነው? ምኞቴ ነው? ጠጋ ስል ዶክተሯ ገቡ፤ ታካሚ ይዘው ነበር። ወጣሁ።
ከምሳ በኋላ የጥገና መመሪያውን አወጣሁ። ስንት ዓመት ስጠግን ኖሬ በደንብ ያነበብኩት ገና ዛሬ ነው።
የስክሪኑ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷ ትራንዚስተር አላት፤ እንደ በር ነው። በሩ ብልጭ ብሎ ይከፈታል፣ ቮልቴጅ ይገባል፣ ይዘጋል። ነጥቧ የተሰጣትን ይዛ እስከሚቀጥለው ዙር ትጠብቃለች። በየዙሩ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ይገለባበጣል። ሁሌ ወደ አንድ ወገን ካደላ፣ ብዙ የቆየ ምስል ስክሪኑ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ክሪስታል ላይ ጥላውን ትቶ ይቀራል። የፖዘቲቩንና የኔጌቲቩን መሃል የምታስጠብቅ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ቦርድ ሲቀየር የግድ ትስተካከላለች። ካልተስተካከለች ምልክቱ? መርገብገብ።
አላስተካከልኳትም።
ራጅ የሚታይበት ፕሮግራም መክፈቻ ገጽ ላይ፣ ልክ ጥላውን ባየሁበት ቦታ፣ ክብ ዓርማ አለ። ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ሳይጠፋ ነው የሚውለው...
ጥላው ከስክሪኑ ከሆነ እትዬ ዳነች፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ከሳንባዋ ከሆነ እኔ ነጻ ነኝ። አምላኬ፣ ጥፋተኛ አድርገኝ።

ጥቅምት 24
ጠዋት ዶክተሯን በሩ ላይ ጠበቅኳቸው።
«የእህቴን ራጅ ይክፈቱልኝ። ከዚያ ምስሉን ወደ ጎን ይግፉት።»
«ለምን?»
«እባክዎ ዶክተር።»
ገፉት። ሳንባው ሄደ። ጥላው እዚያው ቀረ።
በሌላ ክፍል ሞኒተር ከፈቱት። ንጹሕ! ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው ግን ፊታቸው ተለዋወጠ።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?»
«ከጥቅምት ስድስት። እኔ ነኝ።»
ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ስክሪን ራጁ የታየ ሠላሳ ስምንት ሰው። ሁሉም እንደገና ይታያል። ሪፖርቱን በስሜ ጽፌ ፈረምኩ።
እትዬ ስትሰማ አንገቴን አንቃ ሳመችኝ። «እንኳን አጠፋህ! እሰይ አጠፋህ!»

ጥቅምት 28
አንድ የታክሲ ሹፌር በዚሁ ጥላ ሰበብ ባለፈው ሳምንት ለናሙና በከንቱ በመርፌ ተወግቷል። ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሸሚዙን ገለጠና ፕላስተሩን አሳየኝ። ሚስቱ በሩን ዘጋችው።
ከሥራ አላባረሩኝም። ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። የእትዬ «እሰይ» ግን ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ውስጥ ደስ አይልም።

ኅዳር 5
ዶክተሯ አሁን እያንዳንዱን ራጅ ከማንበባቸው በፊት ግራ ቀኝ ይገፉታል። ከእኔ ጋር ብዙም አያወሩም።
ዛሬ ስልክ ደወሉ። «የሁለተኛው ክፍል ሞኒተር ትንሽ የሚርገበገብ መሰለኝ። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል።»
«ዓይንዎ አይደለም፣ መጣሁ» አልኩ። ምሳዬን እንደተከፈተ ትቼ ካቻቢቴዬን ይዤ ሮጥኩ።