ከቀዩ ሠንጋ ሰሌዳ ሥር

ሆመቾ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለሚክያስ፤ ካለህበት ደቡብ አፍሪካ

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። እኛ ደህና ነን፤ እኔ ግን ተናድጃለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ «ኔትወርክ ነው» ብለህ ትዘጋለህ። ደብዳቤ አይዘጋም፤ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ብርድ ልብስ ልትሸጥ በዞርክበት ሁሉ የመንገድ ምልክት ፎቶ እያነሳህ ትልካለህ። ዝሆን ያቋርጣል፣ ላም ያቋርጣል፣ ከርከሮ ያቋርጣል፣ መብረር የማይችል ወፍ እንኳ ያቋርጣል። የአውስትራሊያውን ካንጋሮና የዓረቡን ግመል ደግሞ ከየት እንዳገኘሃቸው እንጃ። እናትህ ስልኩን እየነካካች «የእሱ ፊትስ የታለ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

አስፋልቱ በደጃችን ካለፈ ወዲህ ላሞቹን ወደ ወንዝ የምታሻግረው እሷ ናት። ጆሮዋ እንደ ድሮው አይደለም፤ መኪና ጡሩንባውን ቢያንባርቅባት ዞር ብላ አታይም። ባለፈው ወር አንድ አይሱዙ ላማችንን ቦራን ገጭቶብን ሄደ። ላሚቱ እዚያው ቀረች፤ እናትህ ገመዷን እንደያዘች ነበር። «ከእንግዲህ እኔ ልውሰዳቸው» ስላት «በዚያ ጉልበትህ?» አለችኝ።

ምልክት ይተከልልን ብዬ መንገድ ቢሮ ሄድኩ። «ነገ ና» አሉኝ። ነገ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። ሲመረኝ አንተ የላክኸውን የላም ምልክት ፎቶ ይዤ ሆሳዕና፣ የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፈው ኸይረዲን ዘንድ ሄድኩ። «አሳምሬ ነው የምስልልህ፣ አባባ» አለኝ። አሳመረው! ላም ሣልልኝ ስለው ሻኛው የተቆለለ፣ የሰባ ቀይ ሠንጋ ሣለልኝ። ምን አደርጋለሁ፣ ተከልኩት።

በማግስቱ አንድ ሚኒባስ ሲጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ ሥጋ ቤቱ በየት ነው?» አይለኝም! ተሳፋሪው እጁን ሊታጠብ መውረድ ጀምሯል።

ደሜ ፈላ። ልነቅለው ዶማ ይዤ ስወጣ እናትህ ከለከለችኝ። «ተወው፤ መኪናው እየቆመልን አይደል?» አለች። እውነቷን ነው። ለሰው ነፍስ የማይቆም ሾፌር ለቁርጥ ይቆማል። ይኸው ላሞቹ በሰላም እየተሻገሩ ነው።

እሷ ግን ላሞቹ ቤት ከገቡም በኋላ ከሰሌዳው ሥር አትነሳም። ትናንት «ላሞቹ ገብተዋል እኮ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ከሆሳዕና በኩል አውቶብስ መጣና ሰሌዳው ጋ ሲደርስ ቀስ አለ። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳችና ከፊት እስከ ኋላ በየመስኮቱ የተሳፋሪውን ፊት አየች። አውቶብሱ ሲያልፍ ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ በአንተ ተናደድኩ።

እንግዲህ የእንስሳ ፎቶ ይብቃን። ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። አስፋልቱ ሰፈሩን ስለቀየረው ደጃችን ሊጠፋህ ይችላል። ቀዩ ሠንጋ ጋ ስትደርስ «ወራጅ አለ» በል።

አባትህ ሕዝቅኤል