እናታችን ከጭቃው የታገደችበት መኸር

ባሕር ማዶ ላለኸው ታናሽ ወንድሜ ለዱሺክ ይድረስ፤

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ ጉልበቷን ተሻላት? ትንሿ ልጅህ ጥርሷን ነቀለች ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? እናንተ ጋ ሙቀቱ እየገባ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኛ ጋ ግን ነፋሱ ጆሮ መቁረጥ ጀምሯል። እናታችን በጤናዋ ናት። ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ ታኮርፋለች፤ ስለዚህ አታስብ። እኔም ዝናብ ሊመጣ ሲል ወገቤ ቀድሞ ይነግረኛል እንጂ ሌላ የሚያሳስበኝ የለም።

«እናታችንን ከዚያ ጭቃ አስወጪልኝ፤ በዚህ ዕድሜዋ ምን ያንከራትታታል» እያልክ በየደብዳቤው ስትጨቀጭቀኝ ስንት ዓመትህ! እንግዲህ ደስ ይበልህ፣ ወጥታለች። ከመስከረም ወዲህ እግሯ ጭቃ አልነካም። ግን ቆይ፣ ቶሎ አትሳቅ፤ መጀመሪያ እንዴት እንደወጣች ስማኝ።

ባሕሩ ሲሸሽ ከጥቁሩ ቋጥኝ ወዲያ የሚገለጠውን ጭቃ ታስታውሰዋለህ፤ ልጆች ሆነን ያን ለሾርባ የሚሆነውን ዛጎል በእጃችን የምንዝቅበትን። ያ ቦታ ተራቁቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ በመኮትኮቻ ስንቧጥጥ ውለን የቅርጫታችን ቂጥ እንኳ አልሸፈን አለን። ስለዚህ አምና መንደሩ ተሰብስቦ ተማከረና እዚያው እንዲያድግ ጥቃቅን ዛጎል ዘራንበት፤ ዙሪያውን የቀርከሃ ችካል ተከልን፤ በሰማያዊ ገመድ አጠርነው። እስከ ከርሞ መኸር ማንም ዝር አይልም፣ ገመዱን ተሻግሮ የቆፈረ እስከ ፀደይ ድረስ ከጭቃው ሁሉ ይታገዳል ተባለ። ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔው ነኝ። ጎረቤታችንን ጆምሬን ታውቃታለህ፣ ያቺን ምላሷ የማያርፍ። «እስቲ እናያለን! የመጀመሪያው የተከበረ ሰው ሲቆፍርበት ገመዳችሁ የልብስ ማስጫ ይሆናል» አለችን።

እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ አስተማሪ ሆኛለሁ፤ በል አሁን ሳቅ። ዬወን የምትባል የከተማ መምህርት መጥታ «ልጆቹ ዛጎልን የሚያውቁት ሾርባ ውስጥ ነው፤ እባክዎ ከነሕይወቱ ያሳዩልኝ» ብላ ለመነችኝ። መጀመሪያ ልጆቹ ፊት መቆም ፈርቼ ነበር። አሁን ግን ማን ያስቆመኛል! የት እንደሚረገጥ፣ ሸርጣን የትኛው ቀዳዳ ውስጥ እንደሚደበቅ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡት ወፎች እዚህ አርፈው ካልበሉ መንገዳቸውን እንደማይጨርሱት እነግራቸዋለሁ። ደንቡ አንድ ነው። ያያሉ፣ ይነካሉ፣ መልሰው ይቀብራሉ። ባዶ እጃቸውን መጥተው ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ።

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ለእናታችን አልዋጥላት አለች። አንተ ከአገር ስትወጣ ሻንጣህ አልዘጋ እስኪል ድረስ የደረቀ የባሕር አረም የጠቀጠቀችብህ ሴት ናት እኮ! እንግዳ ከመንደራችን ባዶ እጁን ወጣ ከሚባል ሞቷን ትመርጣለች። በመስከረም ልጆቹ ሲመጡ ከባሕሩ ግንብ ላይ ቁጭ ብላ ታያቸው ነበር። እኔ ከቧንቧው ዘንድ እግራቸውን ሳጥብ እሷ ለካ ቅርጫቷን አዝላ ወርዳለች። ልጆቹ ሊሳፈሩ ሲሉ የአውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ለእያንዳንዳቸው በላስቲክ ዛጎል ታድላለች። «እንካችሁ የኔ ዓለሞች፣ እናቶቻችሁ ይቀቅሉላችሁ» ትላለች። እኔም ሞኟ ደስ አለኝ! ኋላ የአንዱን ልጅ ላስቲክ ቀረብ ብዬ ሳየው ክው አልኩ። እንዲያ ያለ ወፍራም ዛጎል በመንደራችን ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከገመዱ ወዲያ።

ዬወን ነገሩን ስነግራት ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ውኃው ሳይመለስ ልጆቹን ይዘን ወረድንና ዛጎሉን በገመዱ ጥግ መልሰን ቀበርነው። አንዷ ልጅ «አያታችን እንዳይከፋቸው ጀርባችንን ሰጥተን እንቅበረው» ስትል አንጀቴን በላችው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ጆምሬ ከግንቡ ላይ ሆና ሁሉንም አይታለች። ጆምሬ ካየች መንደሩ አየ ማለት ነው።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበራችን ማንሆ ነው፣ ያ አብሮህ ዋና የተማረው። ምስኪን፣ ላብ አጠመቀው። «እማማ እኮ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እንዳላየን እንለፈው» አለ። ጆምሬ ብድግ ብላ «ጥሩ! እንግዲያው ነገ እኔም እወርዳለሁ፤ እኔንም እንዳላያችሁ እለፉኝ» አለችው። ግማሹ ሰው እውነቷን ነው አለ። ዱሺክ፣ ገመዱ እዚያው ሲበጠስ ታየኝ። ዝም ብል ያ ቦታ ዳግመኛ ይራቆታል። ብናገር ደግሞ እናቴን ዕድሜዋን ሙሉ ከኖረችበት ጭቃ የማስወጣት እኔ ልሆን ነው። አባታችን የሞተ ጊዜ እንኳ እሷን ያቆማት ያ ጭቃ ነው፤ አንተም ታውቃለህ።

ፈራሁና መሐል ሰፋሪ ሆንኩ። ተነሥቼ «እናቴ አርጅታለች፣ ትረሳለች፤ ገመዱ ምን እንደሆነ ጠፍቷት ነው፤ ለዛሬ ብቻ...» ማለት ጀመርኩ። እናታችን አላስጨረሰችኝም። ወለሉን በመዳፏ መታ አድርጋ «ማን ነው የረሳው? ገመዱን በደንብ አይቼዋለሁ። ጉልበቴ እያመመኝ ተሻግሬው ነው የቆፈርኩት። የልጆቹን ባዶ እጅ ሳይ አላስችል አለኝ። ጥፋት ከሆነ እንደ ሰው ቅጡኝ! አርጅታለች ብላችሁ ከነሕይወቴ ከምትቀብሩኝ እስከ ፀደይ ግንቡ ላይ ብቀመጥ ይሻለኛል» አለች። ከዚያ ወደ ጆምሬ ዞራ «አንቺም ቅርጫትሽን አስቀምጪ» አለቻት።  ጆምሬም፣ ምላሷን ምን እንደነካው እንጃ፣ ቁጭ አለች።

እናታችን ታገደች፤ ገመዱም ጸና። እኔን ግን አኮረፈችኝ። ስለ እገዳው እንዳይመስልህ። «የገዛ ልጄ ሰው ፊት ጃጅታለች አለችኝ» ብላ ነው። ሩዟን ጀርባዋን ሰጥታኝ ትበላ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ቅርጫቴን ይዤ ስወጣ መኮትኮቻዋ በር ላይ እንደተሰቀለ አያለሁ፤ እንባዬ ይመጣል። እውነቷን ነው፤ እሷን ያሳፈራት ገመዱ ሳይሆን እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጆቹ እንደገና መጡ። እናታችን ከጎሕ ጀምራ ጓዳ ውስጥ ጉድ ጉድ ስትል ነበር። ልጆቹ ታጥበው ወደ አውቶቡሱ ሲያመሩ ግንቡ ላይ ቆማለች፤ ያ ቅርጫት አጠገቧ ነው። ደግማ ገመዱን የተሻገረች መሰለኝ። ክዳኑን ስታነሣው ገና እንፋሎቱ የሚወጣ የተቀቀለ ስኳር ድንች! ለእያንዳንዱ እያስጨበጠች «ዛጎሉ እያደገ ነው፤ እኔ የተሻገርኩትን ገመድ እናንተ እንዳትሻገሩ» ትላቸዋለች። እኔ ስናገር የሚንጫጩት ልጆች ለእሷ ጭጭ አሉ። አውቶቡሱ ሲሄድ ቅርጫቷ ውስጥ አንድ ድንች ቀርቶ ነበር። ፊቷን ወደ ባሕሩ እንዳዞረች ዘረጋችልኝና «አንቺም ባዶ እጅሽን አትግቢ» አለችኝ። ቆሜ እያለቀስኩ በላሁት።

ሚስትህን ጉልበቷን በሙቅ ጨው ታሽገው በልልኝ። ትልቁ ልጅህ ቋንቋችንን እንዳይረሳ አደራ። ትንሿን በአዲሱ ጥርሷ ላይ ሳምልኝ። አማትህን እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ በልልኝ። ማንሆም ሰላም ብሎሃል፤ ጆምሬ ሳትቀር።

ገመዱ በከርሞው መኸር ይፈታል። የመጀመሪያውን ቅርጫት እናታችን ትቆፍር ብላ ሐሳብ ያቀረበችው ጆምሬ ናት፤ ጉድ እኮ ነው! እናታችን ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ከጎኔ ሆና «ዱሺክ ስጦታ ምናምን እያለ እንዳይዘገይ፤ ባዶ እጁን ይምጣ፣ ሲመለስ የሚይዘውን እኔ አውቃለሁ» ብለሽ ጻፊ ብላኛለች።

እህትህ ጌሱን
ሶልጌ መንደር፣ በምዕራቡ ባሕር ዳር
ጥቅምት 18 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.