ክድ የማያውቅ ውሻ

ስንዱዬ፣
ደብረ ብርሃን ይበርዳል ስንል የኖርነው ለወሬ ያህል ነው። ቅዳሜ ወንድሜ ኪዳኔ በረዶ ላይ እንጫወት ብሎ ከሚኖሩበት ከተማ ከኦሮራ በመኪና ተራራ ይዞን ወጣ። ከእኔ በቀር ሁሉም ደህና ለብሷል። ውሻቸው ኦሊቨር እንኳ ካፖርትና አራት ጫማ አለው።

ገና ከመኪና እንደወረደ ወደ እኔ በረረ። ውሻ እንደምፈራ ታውቂያለሽ። «ክድ!» አልኩት። ጭራሽ ፍጥነት ጨመረ። እንደ ሰፈራችን ድንጋይ የማነሳ መስዬ ጎንበስ አልኩ። እናንተ በር ላይ የሚተኛው ቡራቡሬ ውሻ ቢሆን ይሄኔ አጥር ዘሎ ጠፍቶ ነበር። ይሄኛው ፊቴ ቁጭ ብሎ ጭራውን እየቆላ እጄን ያያል።

«አክስቴ፣ ጀስት ወርውሪለት፤ ሂ ላቭስ ኢት» አለችኝ የኪዳኔ ልጅ ፅዮን።

ላባርረው የጨበጥኩትን በረዶ ወረወርኩበት። አየር ላይ ቀለበና በላው፤ ከዚያ ሌላ ጠበቀ። ቀኑን ሙሉ ስወግረው ዋልኩ። እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም አሉኝ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ጭኔ ላይ ተኛ። እንዳይነቃ ብዬ እግሬ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀስኩም።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም ሳሚልኝ። ቡራቡሬንም ሰላም በይልኝ። በምን ቃል እንደምትነግሪው ግን እንጃ፤ ከክድ ሌላ ያስተማርነው የለም።

ፈትለወርቅ