የአጎታችን ሽቦ

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለሌማያን፣ ሞምባሳ።

እንዴት ሰነበትክ? የባሕሩ ወበቅ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔም እናታችንም ከብቶቹም ደህና ነን፤ ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን ጥሎልናል። የጎደለን አንተን ማየት ብቻ ነው።

ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ ነበር። ያው በየባለመሬቱ ደጅ እየዞርኩ፣ ግጦሹን ከዱር እንስሳው ጋር እንዴት ተካፍለው እንደሚኖሩ አብሬ እመክራለሁ። ባዳው ሁሉ እሺ ሲለኝ ያስቸገሩኝ የገዛ አጎታችን ፓርሳሎይ ናቸው። በድርቁ ጊዜ የሜዳ አህዮች ለጥጆች ያቆዩትን ሣር ቢጨርሱባቸው፣ መሬታቸውን ዙሪያውን በሽቦ አጠሩት። «የጥጆቹን ብቻ እንከልልና ለዱሩ መንጋ መተላለፊያ እንተውለት» ብላቸው፣ «የአህያ ነገረ ፈጅ መጣችላችሁ። እስቲ መጀመሪያ እለቢያቸውና ወተቱን አምጪልኝ» ብለው በሰው ፊት ሳቁብኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ግን ራሳቸው መጥተው ጠሩኝ። አንዲት የሜዳ አህያ ሽቦው ውስጥ ተጠላልፋ ትንፈራገጣለች፤ ውርንጭላዋ ከማዶ ቆሟል። አጎታችን የሚደርቡትን ቀይ ልብስ አውልቀው ዓይኗን ሸፈኑላት፤ በዚያ ዕድሜያቸው አንገቷ ላይ ተኝተው ያዟት። እኔ በፒንሳ ቆረጥኩ። ብትረግጣቸውስ ብዬ ቸኮልኩ። እግሯ እየደማም ቢሆን ተነሥታ ወደ ልጇ ሄደች።

እሳቸው መሬት ላይ እንደተቀመጡ በዓይናቸው ሸኟት። ከዚያ፣ «ከአባትሽ ጋር ከብት ስንጠብቅ እነዚህ መሀላችን ገብተው ይግጡ ነበር። መቼ ነው የተጣላነው?» አሉኝ።

ለጥጆቹ ከቤቱ አጠገብ በእሾህ ከለልንላቸው፤ የቀረውን ሽቦ በሦስት ቀን ጠቅልለን ጨረስን። እጃቸውን ቧጭሯቸው መድኃኒት አልቀባም ብለዋል፤ እልኻቸውን ታውቀው የለ።

አሁን የሜዳ አህዮቹ መንጋ የእሳቸውን መሬት አቋርጦ ከጎኑ ያለው ያንተ መሬት አጥር ላይ ሲደርስ ይቆማል። እኔ አልነካሁትም፤ መሬቱ ያንተ ነው። ገዢ እያፈላለገ የሚደውልልህ ደላላ እንዳለም ሰምቻለሁ። ለመሸጥ ያሰብከው ቸግሮህ ከሆነ አትደብቀኝ፣ አብረን እንመክርበታለን። የምትወስነውን ብትወስን እኅትህ ነኝ። እናታችን ግን ጠዋት ጠዋት ደጅ ቆማ መንጋው ካጥርህ ሲመለስ ታያለች። አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም፤ ትናንት ብቻ፣ «ሌማያን ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን?» አለችኝ።

ሚስትህን ሬሲያንን እቀፍልኝ። ሳይቶቲን አክስትህ ናፍቃሃለች በለው፤ ትንሿን ናይሲያዬን ግንባሯን ሳምልኝ። አጎታችንም ሰላም ብለውሃል፤ እናታችን ደግሞ መርቃሃለች።

እኅትህ ሲላንቶይ
ኢሲንያ፣ ግንቦት 14 ቀን