ዝም ያሉ አራት ጎማዎች

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ ለአቶ ታረቀኝ፣ ደብረ ብርሃን።

አባዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የኅዳር ውርጭ አልጠናብዎትም? የእማዬስ ሳል ተሻላት? እኔ ልጅዎ ሰብለወንጌል ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ እንዲያውም ደስታው ከአቅሜ በላይ ሆኖብኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ ብነግርዎ እማዬ እልልታዋን ስታቀልጠው ዋናውን ነገር ሳይሰሙት ይቀራሉ።

አሎራ፣ እንግዲህ ከመነሻው ልንገርዎ። የሰው ቤት ሥራ ትቼ እዚህ ሮም አንድ ጎሚስታ ቤት ለሦስት ወር ሙከራ መግባቴን ያውቃሉ። ሙከራውን ካለፍኩ ኮንትራቶ አገኛለሁ፣ በኮንትራቶው ፔርሜሶዬ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ ይታደሳል፣ ፔርሜሶዬ ከታደሰ እርስዎን አያለሁ፤ የስድስት ዓመት ናፍቆታችን በዚያች ወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ባለቤቱ ሲኞር አልዶ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ችኩል ነው። እኔ ደግሞ እርስዎ እንዳስለመዱኝ ጎማውን በእንጨት መትቼ ድምፁን ሳልሰማ መኪና አላሰናብትም። የተሰበረ የመጥረጊያ እጀታ ይዤ ስዞር ቢያየኝ፣ የዛሬ መኪና ንፋሱን ራሱ ይናገራል፣ መብራት ካልበራ ጎማው ደህና ነው፣ በዚህ አዝጋሚነትሽ ሙከራሽ ከሚያልቅበት ቅዳሜ አታልፊም አለኝ። እርስዎም የእኔ ጊዜ አለፈ ብለው ጎማ የሚመቱበትን ዱላዎን ቆጥ ላይ እንደጣሉት ወንድሜ ኃይለ ነግሮኝ ስለነበር፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ሆዴ ባባ።

መኪናው ንፋሱን እንዴት እንደሚያውቅ ላስረዳዎ፣ ይወዱታል። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በየጎማው ውስጥ ቫልቩ ሥር ትንሽ መለኪያ ተቀምጦ ንፋሱን እየለካ በሬዲዮ ለሾፌሩ ይልካል። ይኼኛው እንኳ ታማኝ ነው፤ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ቢሳሳት በንፋስ ልክ የአንድ ባር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ሁለተኛው ግን ንፋስ ለክቶ አያውቅም። የሟሸሸ ጎማ ቁመቱ ስለሚያጥር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሽከረከራል አይደል? የፍሬኑ ኮምፒዩተር ዙሩን ይቆጥርና አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ መብራት ያበራል። እንግዲህ አራቱም እኩል ከጎደሉስ? አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል።

ዓርብ ጠዋት አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ከኋላ ጭና ትርፍ ጎማዋን ልታስጠግን መጣች፤ ወደ ተራራው አገር ልትነዳ ነው። መኪናዋ የሁለተኛው ዓይነት ነው፣ መብራት የሚባል አልበራም። ትርፉን ጨርሼ ስመልስ እጄ አላስችል አለኝ። የፊቱን ጎማ መታሁት፣ ድፍን ያለ ድምፅ። የኋላውን መታሁት፣ ያው። አራቱም ትራስ እንደመምታት ነው። ሲኞር አልዶ ከውስጥ ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው፣ ልቀቂያት ይለኛል። ብሳሳት አበቃልኝ ማለት ነው። ቢሆንም እርስዎ ዱላ ይጠረጥራል፣ መለኪያ ይፈርዳል የሚሉት ትዝ አለኝና መለኪያውን ሰካሁ። ሁለት ነጥብ አራት ባር መሆን የነበረበት አንድ ነጥብ አራት፤ አራቱም ጎማ።

ለካስ እዚህ አገር በጋ በሚሆነው በሐምሌ መብራቱ በርቶ፣ ባሏ ላጥፋው ብሎ የማስተካከያውን ቁልፍ ተጭኖታል። ያ ቁልፍ ደግሞ አሁን ያለውን ልክ ብለህ ያዝ ማለት ነው። ሳይነፋ ስለተጫነው መኪናው ጉድለቱን ልክ አድርጎ ተማረ፣ ከዚያ ወዲህ አራቱም አብረው ሟሸሹ። ሲኞር አልዶ መለኪያውን ተቀብሎኝ ራሱ ለካ፣ ልጆቹን አየ፣ ላብ አጠመቀው። እኔ መጀመሪያ ነፋሁ፣ ቁልፉን ከዚያ በኋላ ተጫንኩ።

አባዬ፣ አሸነፍን። እባረርበታለሁ ባልኩት ቅዳሜ ኮንትራቶዬን ፈረምኩ፣ ያውም ጊዜ ገደብ የሌለው። የመጥረጊያ እጀታዬን ሲኞር አልዶ ራሱ በፕላስተር ጠቅልሎ ከመለኪያው ጎን ሰቀላት፤ ከእንግዲህ ሳይለካ የሚወጣ መኪና የለም። ማን አስተማረሽ ቢለኝ ስምዎን ከነአያትዎ ጠራሁለት።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። በግሪስ የጨቀየች ልጅ ማን ያገባታል ስትለኝ የኖረችውን ይቅር ብያታለሁ ይበሉልኝ። ኃይለን፣ ባለቤቱን ዘነበችን፣ ትንሿን ፍቅርን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ።

ነገ የፔርሜሶዬን ወረቀት አስገባለሁ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ። እስከዚያ ዱላውን ከቆጡ ያውርዱልኝ። ከአዲስ አበባ የሚያደርሰኝን መኪና በራፉ ላይ አስቁመው፣ እኔን ከማቀፍዎ በፊት አራቱንም ጎማ ይምቱልኝ፤ ውስጥ ተቀምጬ ድምፁን ልስማው።

ልጅዎ ሰብለወንጌል ታረቀኝ
ሮም፣ በኅዳር ጽዮን ዕለት፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.