ጨው የመሰከረለት አርማዲሎ

ውድ ቤኔዲታ፣

ትናንት ጨው ያደረስኩለት ከብት አርቢ፣ ጋሽ ጉሜርሲንዶ፣ አንድ አርማዲሎ፣ ያን ቅርፊት ለባሽ የዱር እንስሳ፣ ሊገድል ተነሳ፤ የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ጃንዲራ የሆዱን ትል ልትመረምር አጥምዳ ሳጥን ውስጥ ያስገባችውን ነው። “ጥጆቼን በትል የፈጀብኝ እሱ ነው!” አለ።

እሷ የእኔኑ ጨው በውሃ አሟሙታ የአርማዲሎውን ኩስና የጥጆቹን እበት ለየብቻ በጠበጠችበት።

“ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽው ለኩስ ነው?” አላት።

“ጋሼ፣ ኩስ እንደ ሰው ሐሜት አያውቅም።”

የትሎቹ እንቁላል ተንሳፎ ወጣ፤ በማይክሮስኮፕ አሳየችው። የጥጆቹ ልሙጥ፣ የአርማዲሎው ሻካራ፤ ጭራሽ አይዛመዱም። እኛ ከተማ ጨው ሥጋ ያቆያል፤ እዚህ ነፍስ ሲያቆይ አየሁ።

ሽማግሌው ደጋግሞ አየ። ከዚያ ሳጥኑን ራሱ እየከፈተ፣ “ውሾቹን እሰሩ! እንግዳዬ ሊወጣ ነው!” ብሎ ጮኸ።

ፖስትካርዱ ሞላ፤ እናትሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

ኦዚያስ