የገና ልጅ፣ በኅዳር

ሐምሌ 24፣ ጧት 1 ሰዓት

ለሚመለከተው ሁሉ፦ የቀኝ እግር ጫማዬ ከዛሬ ጧት ጀምሮ ከአገልግሎት ተሰናብቷል። ስድስት ዓመት ሙሉ የሲማዳን ጭቃ በታማኝነት ተሸክሟል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ እግሬ አብጦ አልገባ አለ። ግራው ለጊዜው በሥራ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ቀኝ በነጠላ ጫማ፣ ግራ በቆዳ። ት/ቤት ዝግ መሆኑ በጀኝ። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ እስከ መስከረም ይስቁ ነበር።

ደብተር ሆይ፣ ለመዝገብ ያህል ያዢልኝ። ፅንሱ ከትንሣኤ ማግስት ነው። መሪጌታ በጣቶቹ አንጓ ቆጥሮ የመውለጃዬን ቀን ቆርጧል፦ ታኅሣሥ 29፣ ገና። ከጌታ ጋር እኩል። አማቴ ለሰፈሩ አውጃለች። ገበያ ሄዳም ሳታውጅ አልቀረችም።

መሪጌታ ባሌ ነው። በአደባባይ አንቱ እለዋለሁ፣ በቤት አንተ። በዚህ ደብተር ግን እንደ ጠባዩ።

ከነገ ወዲያ ወገዳ እንሄዳለን፣ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ። ሆድ የሚያሳየው መሣሪያ ዘንድ። መሪጌታ ምን ያደርጋል ብሎ ነበር። አንድ ቃል ብቻ መለስኩለት፦ ወንዙ።

የዛሬ ሁለት ዓመትም ቀኑን የቆጠረው እሱ ነው። ገና አንድ ወር አለ ተባብለን ቤቴ ተቀምጬ ምጥ መጣ። በቃሬዛ ተሸከሙኝ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። እዚያው ዳር ላይ ወለድኩ። ሴት ነበረች። አላለቀሰችም።

በቃ። ጫማ ነበር የምጽፈው።

ሐምሌ 26፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

አልትራሳውንዱ ወገዳ ጤ/ጣቢያ ከገባ ሁለት ወር ሆነው። የሚያነሳው ማን እንደሆነ ግን አገር አልተስማማም። አማቴ፦ ከባሕር ዳር በመኪና የሚመጣ ባለ መነጽር ዶክተር። ጎረቤታችን፦ ፈረንጅ ነው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጦ ነው የሚያይ። መሪጌታ፦ ማንም ይሁን፣ የበሰለ ወንድ ይሆናል። እኔ እንደ መምህርነቴ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማሁ። በልቤ ግን ባለ መነጽሩን ተቀብዬ ነበር።

በረንዳው ላይ ስምንት እርጉዝ። ሁላችንም በሩን እናያለን። አንዲት ልጅ እግር ቁልፍ ይዛ መጣች። ከፈተች፣ ጭቃ የረገጥንበትን ወለል ወለወለች፣ መስኮቱን ጋረደች። ውኃ የጠጣ ጃንጥላዬን ሰጠኋት። ተቀብላ አራግፋ ሰቀለችልኝ። ልጄ፣ ዶክተሩ መቼ ይገባል? አልኳት።

“ገብቻለሁ” አለች።

ሲስተር ብርቱካን ትባላለች። አዋላጅ ነርስ፣ የእስቴ አገር ልጅ። ማንሳቱን ሠልጥና የመጣች። ጤ/ጣቢያው ውስጥ ከእሷ በቀር መሣሪያውን የሚነካ የለም። በዕድሜ ተማሪዬ ልትሆን ትችል ነበር። አሁንም ጃንጥላውን ባሰብኩ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

ተኛሁ። ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀባች። እንደ አጥሚት ይዝለገለጋል። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

ደብተር ሆይ፣ ቀልድ ይቁም።

ግራጫ ነገር። ጉም፣ ልክ የክረምት ጧት ቆላውን ሲሸፍነው። ከጉሙ ውስጥ አከርካሪ ወጣ፣ እንደ ዶቃ ተሰክቶ። ቀጥሎ እግር። ቀጥሎ ይቺ ትንሽ የምትዘል ነገር። ምንድን ናት? አልኳት። ልቡ፣ አለችኝ። በሰው ቤት ገብቼ እንደተገኘሁ ሁሉ ትንፋሼን ዋጥኩ። እዚያ ውስጥ፣ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ፣ እኔ ከአማቴ ጋር ስጨቃጨቅ፣ ማንም ሳያዘው ይሠራ ነበር።

ብርቱካን የራሱን ስፋት ለካች። የጭኑን አጥንት ለካች። ሃያ ሁለት ሳምንት፣ አለች። መውለጃሽ የኅዳር መጨረሻ።

ኅዳር? የለም፣ ገና ነው አልኳት። ሳምንት ከጥቂት ቀን ላዛንፍ እችላለሁ፣ ወር ግን አላዛንፍም አለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። የአዋላጅ ፊት እንደ ንስሐ አባት ጆሮ ነው። ስለ ወንዙ ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። ኅዳር በገባ በአሥረኛው ቀን እዚህ የእናቶች ማቆያ ትገቢያለሽ፣ ምጡ ቤትሽ አይመጣብሽም አለች። ልመናም ትእዛዝም ነበር።

መሪጌታ በረንዳ ላይ ወረቀቱን ተቀበሉ። በአንጓቸው ወደ ኋላ መቁጠር ጀመሩ። ጥቅምት፣ መስከረም፣ ጳጉሜን... ነሐሴ... ሰኔ... መጋቢት። ጣታቸው ቆመ።

መጋቢት ሁዳዴ ነው። አገሩ ሁሉ ሥጋና ቅቤ የተወበት፣ ባልና ሚስትም መኝታ የለዩበት። ጾሙን ለሕዝብ የሚያውጁት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ሐምሌ 27፣ ጧት

የመሪጌታ አቋም፣ ቃል በቃል ባይሆንም፦ መሣሪያው የፈረንጅ ስለሆነ ጳጉሜንን አያውቃትም። ልጅቱም ሴት ናት፣ ልጅም ናት፤ አየሁ ትበል እንጂ ምን እንዳየች ማን አየላት? ዶክተር ይየው። ዶክተር እስኪያየው ገና በቦታው ይጸናል።

ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፣ መጋቢትን ሚያዝያ አታደርግም አልኩት። ለእሷም ንገሪያት አለ፣ ወደ መስኮቱ እያየ። አማቴ ግቢ ቆማ ለጎረቤት ስለ ገናው ልጅ እያወራች ነበር።

እኛ ጾመኞች ነን። ደብተር ሆይ፣ አንቺ ምስክራችን ነሽ። ዝም በይ።

ነሐሴ 5፣ ቀትር

ፍልሰታ። መሪጌታ ቤ/ክርስቲያን ነው የሚያድር። በዚህ ጾም እንኳ ማንም አያማንም።

ልጁ ሲራገጥ ዋለ። በፊት እርግጫ ብቻ ነበር፤ አሁን እግሩን አውቀዋለሁ። ያየሁት ሰው ነው የሚራገጥ።

ፈራሁ። ብርቱካን ልክ ከሆነች፣ እኛ ደግሞ ገናን ብለን ከተቀመጥን፣ ያው ቃሬዛ ነው። ያው መንገድ። የመሪጌታን ስም ለማዳን ስንት ልጅ እንቀብራለን? ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ጮክ ብዬ የተናገርኩት ሽሮው ጨው በዝቶበታል ነው።

መስከረም 20፣ ከአውቶቡስ እንደ ወረድን

ትልቁ ሆስፒታል ደርሰን መጣን። መሪጌታ ነጭ ጋቢ፣ አዲስ ጥምጥም፣ ጭራ። ለክርክር ነው የሄዱት።

ዶክተሩ ሽበታም ናቸው፣ መነጽርም አላቸው። መሪጌታ በመነጽሩ ተጽናኑ። ዶክተሩ የብርቱካንን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡ። ማን አነሳት? አሉ። ወገዳ፣ አንዲት አዋላጅ ልጅ አሉ መሪጌታ፣ “ልጅ” የሚለውን ጠበቅ አድርገው። ዶክተሩ፦ እጇ ጥሩ ነው። ቀን የሚቆረጠው ቀድሞ በተነሳው ነው፤ እያደር ልጁም እንደ ዘሩ አንዱ ይወፍራል አንዱ ይቀጥናል፣ በዚያ አይቆጠርም። ይኸን ቀን እኔም አልነካውም።

እንግዲያስ እርስዎ ያንሷት አሉ መሪጌታ። ዶክተሩ ሳቁ። እዚህም የዘወትሩን የሚያነሱት አዋላጆቹ ናቸው አባቴ፣ እኔን የሚጠሩኝ የሚያሳስብ ነገር ሲያዩ ነው አሉ። የማዶውን በር አሳዩን። ገባን። አዋላጁ ጎረምሳ ነው። ወገዳ ላይ ሴት ናት ብለው ያጉረመረሙት መሪጌታ፣ እዚህ ወንድ ነው ብለው አጉረመረሙ።

ከዚያ ስክሪኑ በራ።

አሁን ጉሙ ተገፍፏል። ግንባር። አፍንጫ። እጅ ከጉንጭ ሥር። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። መሪጌታን ቀና ብዬ አየሁት። ሃያ ዓመት ዜማ ያስተማረ ሰው፣ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ፦

“ያዜማል” አለ።

ውኃውን እየዋጠ ነው አለ ጎረምሳው። መሪጌታ አልሰማውም። ራሱ ወደ ታች ነው፣ ልቡ ደኅና ነው፣ ሁሉም ደኅና ነው ተባለ። ተነሣሁ፣ ሆዴን ጠረግሁ። ልንወጣ ስንል አየሁት፦ ባዶ እግሩን ነው። ጫማው በሩ ሥር ተጣምሮ ተቀምጧል፣ ልክ እንደ ቤተ መቅደስ ደጃፍ። መቼ እንዳወለቀው አላየሁም። እሱም አላወቀም።

ወገዳ ልንደርስ ስንል፦ ጳጉሜንን ታውቃታለች አለ። መሣሪያዋን ይሁን ብርቱካንን አልጠየቅሁትም።

ጥቅምት 27፣ ቀትር

ማወቅ አንድ፣ መናገር ሌላ። መሪጌታ ያውቃል፤ ሰፈሩ ግን ገናን ይጠብቃል። ኅዳር 10 ማቆያ እገባለሁ አልኩት። ሚካኤል ኅዳር 12 ነው፣ ደብራችን ይነግሣል፣ እንዴት ጥዬ እወጣለሁ አለ። ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩት። ሰው ምን ይላል አለ። ሰውማ መቁጠር ይችላል፣ አንተው ነህ ያስተማርከው አልኩት።

ወጥቶ ሄደ። ጠዋት ሙሉ ገብሱን ሲያጭድ ዋለ። ገብሱ አሳዘነኝ።

የግራ ጫማዬም በትናንትናው ዕለት ጡረታ ወጥቷል።

ኅዳር 8፣ ማታ

ምስር እየለቀምን አማቴ ሆዴን ዐይታ ዐይታ፦

“ይኼ ሆድ ገናን አያያትም።”

ያያታል እማ፣ አልኳት። መንግሥታዊ አቋማችንን ጠብቄ።

“ዝም በይ ወዲያ! መሪጌታሽን መቼ የወለድኩት መሰለሽ? በኅዳር ሚካኤል ማግስት! ሰባት ወሩ ነው ብዬ ነው ሰፈሩን ያሳመንሁት። ሰባት ወር! እንደ ኮርማ ጥጃ ወፍሮ እየጮኸ የወጣ ልጅ!”

ሠፌዱ ከጭኔ ወደቀ። ሳቅሁ፣ ሳቅሁ፣ ሆዴን ይዤ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችና ምስሩን ከመሬት እየለቀመች፦

“ሂጂ ልጄ። ቶሎ ሂጂ። ወንዝ ዳር የቀረችዋን እኔ አልረሳኋትም። የገና ልጅ እያልሁ ያወራሁት ሰው እንዳያማችሁ ነው፤ ከአፌ ሌላ ምን ነበረኝ።”

መሪጌታ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ከየት ጀምሮ እንደ ሰሙ አላውቅም። ጥምጥማቸውን ፈቱ፣ መልሰው ጠመጠሙ፣ ጋቢያቸውን አነሡና የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ከሰዓት ተመለሰ። ስንት ስግደት እንደ ተሰጠው አልነገረኝም። የሱሪው ጉልበት ግን አቧራ ነው።

ኅዳር 10፣ ወገዳ፣ ማቆያ

ገባሁ። ስድስት አልጋ፣ አምስት ሆድ። እኔ ስድስተኛዋ።

ጧት መሪጌታ በቅሎዋን ሲጭን የቤ/ክርስቲያኑ ሰዎች ለሚካኤል ድንኳን እየተከሉ ነበር። አንዷ ጠየቀች፦ ገና እኮ ገና ነው፣ የት ነው በጧቱ? ሁሉም ጆሮውን አቀና። መሪጌታ ገመዱን ሳይለቁ፦ ቁጥሩን የተሳሳትሁት እኔ ነኝ አሉ። ደግመው፦ እኔ ነኝ። ለሚካኤል ሌላ ይምራ።

ሰው ሁሉ መቁጠር ጀመረ። አየኋቸው፣ ጣታቸው በነጠላ ሥር ሲንቀሳቀስ። ይቁጠሩ።

ወንዙ ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። ከበቅሎዋ አወረደኝ። ጫማውን አወለቀ። ዳር ላይ ጥቂት ቆምን። ከዚያ ክንዴን ይዞ አሻገረኝ።

ብርቱካን በሩ ላይ ጠበቀችን። መሪጌታ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት፣ ለጳጳስ እንደሚደረገው። ደነገጠች። እኔ ደግሞ ጃንጥላ ሰጠኋት፤ የእሷ ነው፣ አዲስ ነው። ሳቀች።

ኅዳር 20፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

ከጧት ጀምሮ ወገቤን። ብርቱካን ሆዴን ዳሰሰች፣ ዛሬ ወይ ነገ አለች። መሪጌታ በረንዳ ላይ ነው፣ ይንጎራደዳል፣ ያንጎራጉራል። ሴቶቹ ማርያም ማርያም ማለት ጀምረዋል፣ ገና ሳልጮህ።

ምጡ መጣ። ሄደ። በመካከሉ ልጻፍ። ልጁ ከመምጣቱ በፊት ይህ ደብተር እውነተኛ መሆን አለበት። መቼም ያነበዋል።

እንደገና... ሄደ።

ማረሚያ። አንደኛ፦ በዚህ ደብተር “በልቤ ግን ባለ መነጽሩን ተቀብዬ ነበር” የሚለው ተሰርዞ፣ የሚያነሱት አዋላጆች መሆናቸው ይመዝገብ። የእኔን ያነሳችው ሲስተር ብርቱካን ናት። ሁለተኛ፦ ሐምሌ 24 ቀን “ፅንሱ ከትንሣኤ ማግስት ነው” ተብሎ የሰፈረው ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ፣ “በሁዳዴ አጋማሽ፣ ከደብረ ዘይት ማግስት፣ ሰኞ፣ የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መብራት ጠፍቶ፣ መሪጌታ ወንዝ ዳር ስለ ቀረችው ልጃችን ለመጀመሪያ ጊዜ ባለቀሰበት ዕለት” ተብሎ ይነበብ።